አልጣበቅ ያለው ፕላስቲክ

ከሱቅ ይዘነው በምንወጣው ፌስታል ላይ የነጋዴው ስም ታትሟል፤ እህል በሚጫንበት ማዳበሪያ ላይ የአምራቹ ምልክትና የኪሎው መጠን ተጽፏል። በጣት ቢታሽም ዝናብ ቢመታውም ጽሑፉ አይለቅም። ዓይናችን ስለለመደው ፕላስቲክ በተፈጥሮው ቀለም የሚቀበል ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ፌስታሉ የተሠራበት ፖሊኤቲሊንም ሆነ ማዳበሪያው የተሸመነበት ፖሊፕሮፒሊን ከማምረቻ ማሽን እንደወጡ ቀለም አይዙም፣ ሙጫ አይቀበሉም፣ ቅብም አይጸናባቸውም። ጽሑፉ የያዘው ከኅትመቱ በፊት የፕላስቲኩ ገጽ በእሳት ወይም በኤሌክትሪክ እንዲለወጥ ስለተደረገ ነው። የሚለወጠውም ከላይ ያለው፣ ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺኛ እጅ ብዙም የማይበልጥ ስስ ሽፋን ብቻ ነው።

የዚህን ሽፋን ታሪክ ብዙዎች የሚያውቁት በቁርጥራጭ ነው። አታሚው የራሱን፣ ኬሚስቱ የራሱን፣ የመኪና ቀለም ቀቢውም የራሱን ድርሻ ያውቃል። ከሥሩ ጀምሮ ሲከተሉት ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ መፍትሔው በፋብሪካ ወለል ላይ የተገኘው፣ ምክንያቱ በቤተ ሙከራ ከመታወቁ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1857፦ ብልጭታው ከፕላስቲኩ ቀደመ

መሣሪያው የተወለደው ሥራው ገና ሳይኖር ነው። በ1857 ቬርነር ፎን ሲመንስ በርሊን ውስጥ ኦዞን የሚያመርት መሣሪያ ሠራ። ሁለት የብርጭቆ ቱቦዎችን አንዱን በሌላው ውስጥ አስገባና በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት አየር እያሳለፈ፣ ከውስጥና ከውጭ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሰጣቸው። ኤሌክትሪኩ አንድ ቦታ ሰብሮ በወፍራም ፍንጣሪ እንዳያልፍ ብርጭቆው ይከለክለዋል። ስለዚህ ኃይሉ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ብልጭታዎች ሆኖ በክፍተቱ ውስጥ ይበተናል። ብልጭታዎቹ የአየሩን ኦክስጅን ይሰባብሩታል፤ ስብርባሪው እንደገና ሲገጣጠም ኦዞን ይሆናል።

ከአሥርት ዓመታት በኋላ ኦዞኑ ውሃ ለማጣራት ዋለ። ጋዝ በኤሌክትሪክ ሲሰባበር ለሚያገኘው ለዚህ ሁኔታ ስም የሰጠው በ1928 አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሚዩር ነው፤ «ፕላዝማ» አለው። ይህ ሰባራ አየር በጠጣር ነገር ላይ ቢያርፍ ምን ያደርግ ይሆን ብሎ ለመጠየቅ የሚያስገድድ ችግር ግን ገና አልመጣም ነበር።

1933–1945፦ ሁለት ያልታሰቡ ነጭ ነገሮች

ችግሩ የመጣው በአጋጣሚ ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። በመጋቢት 1933 እንግሊዝ አገር ዊኒንግተን በሚገኘው የአይሲአይ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ ከቤንዛልዴሃይድ ጋር በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና በሁለት ሺህ ከባቢ አየር አካባቢ ግፊት አመቁት። የጠበቁት ውህደት አልተፈጠረም። ዕቃውን ሲከፍቱ ያገኙት ሰም የሚመስል ጥቂት ነጭ ነገር ነበር። ሙከራውን ሊደግሙት ሲሞክሩ ፈነዳባቸው፤ ሥራውም ቆመ። በታኅሣሥ 1935 ማይክል ፔሪንና ባልደረቦቹ እንደገና ሲሞክሩት ዕቃቸው ያፈስ ስለነበር ተጨማሪ ኤቲሊን አስገቡ። ከዚያ ጋር የገባው ጥቂት ኦክስጅን ሳያስቡት አስጀማሪ ሆነና ነጩ ነገር በርከት ብሎ ተገኘ። ፖሊኤቲሊን በኢንዱስትሪ ደረጃ መመረት የጀመረው በመስከረም 1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳበት ወር ነው። ምርቱም ወዲያው ለራዳር ኬብሎች መሸፈኛ ዋለ።

ሁለተኛው አጋጣሚ የደረሰው በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ነው። በሚያዝያ 6 ቀን 1938 የዱፖንት ኬሚስት ሮይ ፕላንኬት ቴትራፍሎሮኤቲሊን የሞላበትን ሲሊንደር ሲከፍት ጋዝ አልወጣም። ሲመዝነው ግን ሙሉ ነው። በመጋዝ አስቆርጦ ሲያየው ውስጡ የሚያንሸራትት ነጭ ዱቄት አገኘ። ኋላ «ቴፍሎን» የተባለው ይህ ነው። አሲድ አይበላውም፣ ማሟሚያ አይነካውም። በጦርነቱ ጊዜ የአቶሚክ ቦምብ ፕሮጀክት የሚጠቀምበት የዩራኒየም ጋዝ ሌላውን ማሸጊያ ሁሉ ሲያጠፋ ቴፍሎን ቻለው።

የሁለቱም ፕላስቲኮች ጸባይ ከአሠራራቸው የመጣ ነው። ፖሊኤቲሊን ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ሆኖ ዙሪያውን ሃይድሮጅን ብቻ አለው፤ ቴፍሎን ደግሞ በሃይድሮጅኑ ቦታ ፍሎሪን። ቀለም ወይም ሙጫ በኬሚካላዊ መሳሳብ የሚይዘው ኦክስጅንም ሆነ ናይትሮጅን በገጻቸው ላይ የለም። ለራዳር ኬብል ይህ ትልቅ በረከት ነበር። ኤሌክትሪክ የማያባክነው፣ እርጥበት የማይጠጋው ከዚሁ የተነሣ ነውና። ጦርነቱ ባይቆም ኖሮ አለመጣበቁን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ሰው ባልተገኘ ነበር።

1947–1958፦ እሳት፣ ብልጭታና ሶዲየም

ጦርነቱ ሲያበቃ ፋብሪካዎቹ አዲስ ገዢ መፈለግ ነበረባቸው፤ ገዢውም በማሸጊያ ሥራ ተገኘ። በ1947 አሜሪካ ውስጥ «ስቶፔት» የተባለ የብብት ሽቶ ተጨምቆ በሚረጭ የፖሊኤቲሊን ጠርሙስ ለገበያ ቀርቦ ትልቅ ስም አገኘ። ስሱ ፊልምም ለዳቦ፣ ለአትክልት፣ ለልብስ መጠቅለያ ሆነ። ዕቃ ግን ስም ይፈልጋል፤ ስሙም በላዩ ላይ መታተም አለበት። አታሚዎቹ ያተሙት ቀለም እንደደረቀ ይፈረፈር ጀመር። ዛሬም የሚሠራበት የፈተና ዘዴ ቀላል ነው፤ በታተመው ላይ ስኮች ይለጠፍና በአንድ ጊዜ ይነጨቃል። ያልታከመ ፖሊኤቲሊን ሲሆን ፊደሉ በሙሉ ከስኮቹ ጋር ይመጣል፤ ፕላስቲኩ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

ፋብሪካዎች ያልሞከሩት አልነበረም። በክሮሚክ አሲድ መዘፍዘፍ ውጤት ሰጠ፤ አሲዱ ግን ለሠራተኛም ለወንዝም አደጋ ነው። የክሎሪን ጋዝም ተሞከረ። ከሁሉ ሥራ ላይ የዋለው እሳት ሆነ። በ1953 የአሜሪካ መንግሥት ለክሬይድልና ለክሪቸቨር በነበልባል ለማከም የሚያስችሉ የፈጠራ መብቶችን ሰጠ። ፊልሙ በቀዘቀዘ ከበሮ ላይ እየተጠቀለለ ሲያልፍ የጋዝ ነበልባል አንዱን ፊቱን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይልሰዋል። ጀርባው ስለሚቀዘቅዝ ፊልሙ አይቀልጥም። ነበልባሉ ከሚያስፈልገው ጥቂት የበለጠ አየር ሊያገኝ ይገባዋል፤ የተረፈው ኦክስጅን ነው ገጹን የሚያክመው። ሠራተኞቹ ይህን የደረሱበት ደጋግመው በመሞከር ነው፤ ለምን እንደሚሆን የሚነግራቸው አልነበረም።

እሳት ለወፍራም ጠርሙስ ይስማማል፤ በስስ ፊልም ላይ ግን ቀዳዳና ቃጠሎ ሊያስከትል ይችላል። በ1951 ቬርነር ኤይስቢ የተባለ ዴንማርካዊ መሐንዲስ አንድ ደንበኛው በፕላስቲክ ላይ ለማተም የሚያስችል መላ እንዲፈልግለት ጠየቀው። ኤይስቢ የነበሩትን ዘዴዎች መረመረ፤ ነበልባልም ነበረ፣ ፍንጣሪ የሚፈጥር መሣሪያም ነበረ። ሁለቱም ሻካራ ናቸው፤ አንዱን ቦታ ሲያበዙ ሌላውን ይዘላሉ። እርሱ የመረጠው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው የኤሌክትሪክ ፈሳሽ በፊልሙ ስፋት ሁሉ እኩል እንዲሰራጭ ማድረግን ነው። ይህ «ኮሮና» የተባለው አሠራር ነው። ፊልሙ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ነገር በተሸፈነ ሲሊንደር ላይ ይሮጣል፤ ከላዩ፣ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት፣ ኤሌክትሮዱ ተዘርግቷል፤ በመካከላቸው ሐምራዊ ብርሃን ይንቀለቀላል፣ የኦዞን ሽታም ይወጣል። ሲመንስ በርሊን ላይ የሠራው ቱቦ ተዘርግቶ፣ ፊልም እንዲያልፍበት ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

ገበያው ከዚህ በኋላ አልቆመም። በ1953 ካርል ዚግለር ጀርመን ውስጥ ፖሊኤቲሊንን ያለ ከፍተኛ ግፊት የሚሠራ አስጀማሪ አገኘ። በ1954 ጣሊያናዊው ጁልዮ ናታ በዚሁ መንገድ ጠንካራ ፖሊፕሮፒሊን ሠራ። ማዳበሪያ፣ ገመድ፣ የብስኩት መጠቅለያ ሁሉ ወደዚህ ዞረ። በእኔ ግምት ይህ ሁሉ ዕቃ ያለ ኮሮና ወደ ሱቅ ባልደረሰ ነበር፤ ስም የሌለው ዕቃ ማን ይገዛል?

ቴፍሎን ግን ለእሳትም ለብልጭታም በቀላሉ አልተበገረም። እርሱን የያዘው ሶዲየም ነው። በ1958 ኔልሰን፣ ኪልደፍና ቤንደርሊ ሶዲየምን ከናፍታሊን ጋር በማሟሚያ አዋህደው ቴፍሎንን ቢነክሩበት በሙጫ እንደሚጣበቅ አሳተሙ። ሶዲየሙ ፍሎሪኑን ከካርቦኑ ነጥቆ ይወስዳል። በረዶ የመሰለው ነጭ ገጽ ወዲያው ቡናማ ይሆናል፤ ቡናማው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ካገኘው ይደበዝዛል፣ መጣበቁም አብሮ ይጠፋል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ማርክ ግሬጓር በበኩሉ ሌላ መንገድ ሄደ። ቴፍሎኑን ከመለወጥ ይልቅ የሚለጠፍበትን አሉሚኒየም በአሲድ አስበልቶ በጥቃቅን ጉድጓዶች ሞላውና ቴፍሎኑ በሙቀት ገብቶ እንዲቆላለፍ አደረገ። በ1956 የተመሠረተው ቴፋል የዚህ ሥራ ፍሬ ነው፤ በየቤቱ ያለው የማያጣብቅ መጥበሻም ከዚያ የመጣ ነው።

1950–1964፦ የጠብታው ማዕዘን

ፋብሪካው እየሠራ ሳለ ሳይንሱ ጥያቄውን ገና ማስተካከል ላይ ነበር። ለምን አይጣበቅም? በዋሽንግተን የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ቤተ ሙከራ ዊሊያም ዚስማን መልሱን በጠብታ ፈለገው። መነሻው ያረጀ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ በ1805 ጠብታ በጠጣር ነገር ላይ ሲያርፍ የሚሠራው ማዕዘን የሁለቱን መሳሳብ እንደሚናገር ጽፎ ነበር። ውሃ በቴፍሎን ላይ ሲያርፍ ጠዋት ጎመን ቅጠል ላይ እንደሚያድር ጤዛ ክብ ሆኖ ይቆማል፤ በታጠበ ብርጭቆ ላይ ሲያርፍ ግን ይነጠፋል።

ዚስማንና ባልደረባው ፎክስ በ1950 የጀመሩት ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። የገጽ ውጥረታቸው የታወቀ ብዙ ፈሳሾችን በተራ በተራ በአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ላይ እያንጠባጠቡ የእያንዳንዱን ማዕዘን ለኩ። የፈሳሹ ውጥረት ባነሰ ቁጥር ጠብታው ይነጠፋል። ነጥቦቹን በግራፍ ሲያስቀምጧቸው ቀጥ ያለ መስመር ሠሩ። መስመሩ ተራዝሞ ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ የሚነጠፍበት ላይ ሲደርስ አንድ ቁጥር ይገኛል፤ ይህ ቁጥር የዚያ ፕላስቲክ መለያ ሆነ። ለቴፍሎን 18.5 ዳይን በሴንቲሜትር ነው፤ ለፖሊኤቲሊን 31፤ የውሃ ጠርሙስ ለሚሠራበት ፖሊኤስተር 43። የውሃ ውጥረት 72 ነው። የኤፖክሲ ሙጫ ደግሞ ከ40 በላይ ስለሆነ በፖሊኤቲሊን ላይ ሊነጠፍ አይችልም። ከውጥረቱ በታች በሆነ ገጽ ላይ የሚፈስ ሙጫ ይሰበሰባል፣ አየርም ከሥሩ ይቀራል።

ይህ ቁጥር ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የማተሚያ ሠራተኛው መሣሪያ ሆነ። ዛሬ በፊልም ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛው ኮሮናው መሥራቱን ሲያረጋግጥ ውጥረቱ የታወቀ ፈሳሽ የያዘ ብዕር ያነሣና በፊልሙ ላይ አንድ መስመር ይሰምራል። መስመሩ ሁለት ሰከንድ ሳይቆራረጥ ከቆየ ፊልሙ ያንን ቁጥር አልፏል። ወዲያው ተሰባስቦ ነጠብጣብ ከሆነ አላለፈም። ለኅትመት ብዙዎቹ 38 እና ከዚያ በላይ ይጠብቃሉ። 31 የነበረውን 38 የሚያደርገው ያ ሐምራዊ ብርሃን ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ ሉዊስ ሻርፕና ሃሮልድ ሾንሆርን ይህን ሐሳብ የሚያጠናክር ቆንጆ ሙከራ አደረጉ። ፈሳሽ ኤፖክሲ በፖሊኤቲሊን ላይ ፈስሶ ሲደርቅ በቀላሉ ይላቀቃል። አስቀድሞ በደረቀ ኤፖክሲ ላይ ግን ፖሊኤቲሊን ቀልጦ ቢፈስበት ጠንክሮ ይይዛል። ሁለቱ ነገሮች ያው ናቸው፤ የተለወጠው የትኛው በየትኛው ላይ እንደተነጠፈ ብቻ ነው። ጉዳዩ በዚህ የተዘጋ መሰለ።

1961–1970፦ ክርክሩ

ያኮብ ቢከርማን ግን አልተስማማም። በ1961 ባሳተመው ስለ ማጣበቂያ መጋጠሚያዎች በሚናገር መጽሐፉ ብርቱ ሙግት አቀረበ፤ ሁለት ነገሮች በደንብ ከተገናኙ በኋላ ሲለያዩ በመገናኛቸው ላይ አይለያዩም፤ የሚሰበረው በአጠገቡ ያለ ደካማ ሽፋን ነው አለ። ፖሊኤቲሊን አጫጭርና ልል ሞለኪውሎችን ወደ ገጹ ያወጣል። ሙጫው የሚይዘው እነርሱን ነው፤ እነርሱ ደግሞ ከሥራቸው ይላቀቃሉ። በዚህ አመለካከት እሳቱና ኮሮናው ያደረጉት ገጹ ሙጫ እንዲስብ ማድረግ ሳይሆን ይህን ደካማ ሽፋን ማስወገድ ወይም ማጠንከር ነው።

ክርክሩን ወደ አዲስ ምዕራፍ የወሰደው ራሱ ሾንሆርን መሆኑ ይህን ታሪክ ልዩ ያደርገዋል። በ1966 ከሮበርት ሃንሰን ጋር ሆኖ ፖሊኤቲሊንን እንደ ሂሊየም ባለ ከምንም ጋር በማይዋሃድ ጋዝ ፕላዝማ መታው። ኦክስጅን ስለሌለ ገጹ ብዙም አልተለወጠም፤ ጠብታ ሲያርፍበት ማዕዘኑ ከበፊቱ እምብዛም አይለይም። በሙጫ ሲያያዝ ግን እጅግ የጠነከረ መጋጠሚያ ሆነ። የፕላዝማው ጥቃቅን አካላት ሃይድሮጅኑን እየነቀሉ የላይኛዎቹን ሰንሰለቶች እርስ በርስ አስተሳስረዋቸዋል፤ ልሉ ሽፋን የተቆላለፈ ቆዳ ሆኗል። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መነጠፍ ሁሉንም ይወስናል ለሚለው ወገን ብርቱ ማስረጃ የሰጠው ሰው አሁን ለተቃራኒው ወገን ማስረጃ አመጣ። እንዲህ ያለውን ሐቀኝነት በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ስናገኘው ቆም ብለን ልናከብረው ይገባል።

በዚሁ አሥር ዓመት ሁለት ኢንዱስትሪዎች የክርክሩን ፍጻሜ ሳይጠብቁ ሄዱ። አንደኛው የመኪና ጌጥ ነው። ኤቢኤስ የተባለው ፕላስቲክ ውስጥ የተበተኑ የጎማ እንክብሎች አሉ። ትኩስ ክሮሚክ አሲድ ጎማውን እየበላ ሲያወጣው ገጹ በጥቃቅን ጉድጓዶች ይሞላል፤ የሚለበጠው ብረት ገብቶ ይቆለፍባቸዋል። የሚያብረቀርቀው የመኪና አርማና የቧንቧ እጀታ ብረት መስሎ ፕላስቲክ የሆነው በዚህ ነው። ሁለተኛው የሕክምና ቤተ ሙከራ ነው። የሰው ሕዋስ በብርጭቆ ሳሕን ላይ ተጣብቆ ያድጋል፤ ርካሹና ግልጹ የፖሊስታይሪን ሳሕን ላይ ግን አልይዝ አለ። ገጹ በኤሌክትሪክ ፈሳሽ ወይም በአሲድ ኦክስጅን እንዲይዝ ሲደረግ ሕዋሱ ተጣበቀ። ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራ ከተመረመሩት መድኃኒቶችና ክትባቶች ብዙዎቹ በእንዲህ ያለ ሳሕን ላይ በበቀሉ ሕዋሳት ተፈትነዋል።

1967–1989፦ ገጹ ራሱ ታየ

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ስለ ገጹ የሚከራከረው ሳያየው ነው። አሥር ናኖሜትር የማይሞላ ሽፋን በተራ የኬሚስትሪ ምርመራ አይያዝም፤ ከሥሩ ያለው ብዙ ፕላስቲክ ይውጠዋል። መንገዱን የከፈተው በስዊድን ኡፕሳላ የሚሠራው ካይ ሲግባን ነው። አንድ ነገር ኤክስሬይ ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ያስወጣል፤ የኤሌክትሮኑ ጉልበት ከየትኛው ንጥረ ነገር እንደወጣና ያ ንጥረ ነገር ከምን ጋር ተያይዞ እንደነበር ይናገራል። ከጥልቁ የተነሡት ኤሌክትሮኖች በመንገድ ስለሚቀሩ የሚደርሱት ከላይኛዎቹ ጥቂት ናኖሜትሮች የወጡት ብቻ ናቸው። ሲግባን ዘዴውን በ1967 በመጽሐፍ አወጣው፤ በ1981 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ በደረም ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ክላርክ ይህን መሣሪያ ወደ ፖሊመር አዞረው። በ1978 ደግሞ የአይሲአይ ተመራማሪዎች፣ ዴቪድ ብሪግስን ጨምሮ፣ ኮሮና የመታውን ፖሊኤቲሊን መርምረው አሳተሙ። ፖሊኤቲሊንን ለዓለም ያመጣው ኩባንያ፣ ከ45 ዓመት በኋላ ለምን እንደማይጣበቅና ለምን እንደሚጣበቅ ተናገረ። ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ በነበረበት ገጽ ላይ አሁን ከካርቦን ጋር በተለያየ መንገድ የተያያዘ ኦክስጅን ታየ። ብሪግስና ባልደረባው ኬንዳል ከዚያ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። እያንዳንዱን የኦክስጅን ዓይነት ለብቻው የሚሸፍን ኬሚካል እየመረጡ ገጹን አከሙ፤ ከዚያ መጣበቁን ፈተኑ። አንዱ ሲሸፈን መጣበቁ ከጠፋ፣ የሚይዘው እርሱ ነበር ማለት ነው። በዚህ ማጣራት በገጹና በቀለሙ መካከል የሃይድሮጅን ትስስር እንደሚፈጠር አሳዩ።

ቢከርማንም ግን አልተረሳም። በ1989 በአሜሪካው ስሪኤም ኩባንያ ማርክ ስትሮበልና ባልደረቦቹ ኮሮና የመታው ፖሊፕሮፒሊን በውሃ ሲታጠብ ከገጹ የሚሟሟ ነገር እንደሚወጣ አሳዩ። ኤሌክትሪኩ ሰንሰለቶቹን እየበጠሰ ኦክስጅን የያዙ አጫጭር ስብርባሪዎችን ይፈጥራል። በዛ ሲሉ ራሳቸው ደካማ ሽፋን ይሆናሉ። ብዕሩ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ስኮቹ ግን ፊደሉን ይነቅለዋል። ይህ ለፋብሪካ ሰው ትልቅ ትምህርት ነበር። «ያልያዘው ኮሮናው ስላነሰ ነው» ብሎ ኃይል መጨመር የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ችግሩን የሚያባብሰውም ይኸው ነው። የተለወጠው ገጽም እንደተለወጠ አይኖርም። ጥቅሉ በመጋዘን ሲሰነብት ኦክስጅን የያዙት ጫፎች ወደ ውስጥ ይዞራሉ። ፊልሙ እንዲንሸራተት የተጨመረበት ቅባታም ነገርም ከውስጥ ወደ ላይ ይወጣና ገጹን ይሸፍነዋል። ስለዚህ አታሚዎች ፊልሙን ከማተማቸው ጥቂት ሜትር ቀደም ብለው እንደገና በኮሮና ያሳልፉታል።

1988–2017፦ ፕላዝማ ያለ ቫኩም

በ1988 አውስትራሊያ ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ የገንዘብ ኖት አወጣች፤ ቀለም የማይቀበለው ፕላስቲክ እጅ ለእጅ ሲዞር የሚኖር ቀለም መሸከም ነበረበት። ለእንዲህ ያለ ከባድ ፍላጎት፣ አየር በሌለበት የሚሠራው የቫኩም ፕላዝማ ከኮሮና ይበልጥ ጥሩ ገጽ ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን አየሩ ተስቦ የሚወጣበት ሳጥን ያስፈልገዋል፤ ትልቅ ዕቃ አያስገባም፣ የሚሮጥ መስመርም አይከተልም። በ1995 ጀርመን ሽታይንሀገን የተመሠረተው ፕላዝማትሪት ፕላዝማውን በተራ አየር ውስጥ ከአፈሙዝ እንዲረጭ አደረገው። አፈሙዙ በሮቦት ክንድ ላይ ይታሠርና ሙጫ በሚፈስበት መስመር ላይ ብቻ ይሄዳል። የመኪና የፊት መብራት የፖሊፕሮፒሊን ቤት ከግልጹ የፊት ሽፋን ጋር ውሃ ሳያስገባ የሚያያዘው በብዙ ፋብሪካዎች በዚህ መንገድ ነው። ከፕላስቲክ የሚሠራው ፓራውልትም ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብዙ ጊዜ በነበልባል ያልፋል፤ የ1953ቱ እሳት ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

ክሮሚክ አሲድ ግን ጊዜው ደረሰበት። ባለ ስድስቱ ክሮሚየም ካንሰር አምጪ ስለሆነ የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2017 ጀምሮ ክሮሚየም ትሪኦክሳይድን ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀምን ከለከለ። ለኤቢኤስ ፕላስቲክ እኩል የሚሠራ ምትክ መፈለግ ከዚያ ወዲህ የብዙ ቤተ ሙከራዎች ሥራ ነው።

1981–2007፦ ከባሕር ዳር ድንጋይ የተገኘ ሙጫ

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ ማዕበል በሚመታው ድንጋይ ላይ፣ በእርጥብ ገጽ፣ ተጣብቆ ይኖር ነበር። መስል ይባላል። በ1981 ኸርበርት ዌይትና ማርቪን ታንዘር በሙጫው ፕሮቲን ውስጥ ዶፓ የተባለ የአሚኖ አሲድ ዓይነት በብዛት እንዳለ አሳተሙ። በ2007 በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሄሺን ሊ፣ ፊሊፕ መሰርስሚዝና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ተነሥተው ዶፓሚን የተባለውን ትንሽ ሞለኪውል ትንሽ ቤዝ ባለው ውሃ ውስጥ አሟሙተው ዕቃዎችን ነከሩበት። ውሃው ቀስ እያለ ይጠቁራል፤ በተነከረው ሁሉ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ብረትን፣ ብርጭቆን፣ ፖሊስታይሪንን ሸፈነ። ቴፍሎንንም ሸፈነ። ሶዲየም ያስፈለገው ገጽ ውሃ ውስጥ በመነከር ብቻ ሌላ ሽፋን ተቀበለ።

ሽፋኑ ወደ ሃምሳ ናኖሜትር እስኪደርስ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል። የፊልም ማሽን በደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይሮጣል፤ ስለዚህ ፌስታሉ ዛሬም በሐምራዊው ብርሃን ሥር ያልፋል። የዶፓሚን መንገድ ቦታ ያገኘው ጥድፊያ በማይጠይቁ ምርምሮች ነው፤ በሰውነት ውስጥ በሚቀበሩ የሕክምና ዕቃዎች፣ በማጣሪያ ወንፊቶችና በመሳሰሉት።

አሁን ያለው ጥያቄ

ላለፉት ሰባ ዓመታት የተፈለገው እንዲይዝ ነበር፤ ተሳካም። የቡና፣ የወተት ዱቄትና የብስኩት ማሸጊያ ዛሬ ሦስትና አራት ዓይነት ንብርብር ያለው ነው። አንዱ እርጥበት ይከለክላል፣ አንዱ ኦክስጅን፣ አንዱ ቀለሙን ይሸከማል፣ የውስጠኛው በሙቀት ይታሸጋል። ሁሉም በኮሮናና በሙጫ አንድ ሆነዋል፤ ስለዚህም መልሶ ለመጠቀም ለየብቻ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በ2025 የጸናው የአውሮፓ ኅብረት የማሸጊያ ደንብ በ2030 ማሸጊያዎች በመልሶ ማምረት ጥቅም ላይ ሊውሉ የሚችሉ እንዲሆኑ ያዛል። በዚህ የተነሣ በርካታ የቀለምና የማጣበቂያ አምራቾች በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳለ የማይለቅ፣ በመልሶ ማምረቻው ትኩስ የሶዳ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ቀለሙንና ንብርብሩን የሚለቅ ገጽ ለማግኘት እየሠሩ ነው።